ድራማውን የጨረሱልን ሽማግሌዎች

ልጆቼ ከእኔ ጋር ቴሌቪዥን ማየት አይወዱም። ድራማው ሲጀምር ወንበሬን ወደ እነሱ አዞርና ፊት ፊታቸውን ማየት እጀምራለሁ። ትልቋ ልጄ፣ «እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሻል እኮ፤ ተይን» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቢሮው ጋቢ አልብሶ ሸኝቶኛል፤ በቅጡ የማያውቀኝ ወጣት ኃላፊም ስለ እኔ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናግሯል። እኔ ግን ንግግሩን አልሰማሁትም። በሆዴ «ከእንግዲህ ሕዝቡ ምን ተረዳ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም» እያልኩ ነበር። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬም ቀለል እንዳለኝ አለሁ፤ ወንበር ማዞሩ ብቻ አልለቀቀኝም።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ፣ ስሙን ብተወው በሚሻል አንድ የመንግሥት ቢሮ፣ «አስተያየት ሰብሳቢ» ነበርኩ። ያኔ በቤቱ ቴሌቪዥን ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሕዝቡ የሚያየው በቀበሌ አዳራሽ ተሰብስቦ ነው። ድራማ በሚታይበት ቀን አዳራሹ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ሲያልቅ ሰዉን አነጋግራለሁ፤ ከዚያ ተመልካቹ ድራማውን እንዴት አድርጎ እንደተረዳው ጽፌ ለአለቃዬ አስረክባለሁ። እሱ ወደ ላይ ይልከዋል። ላይ ማን እንደሚያነበው እግዜር ይወቅ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ውሎ አበሉም የሚደርሰኝ ጉዞውን ከረሳሁት በኋላ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በታይፒስትነት ሲሆን፣ ኦሮምኛን እንደ አማርኛዬ ስለምናገር ከታይፕ ጠረጴዛው አንስተው አዳራሽ ወረወሩኝ። ጅማ ተወልዶ ሁለቱን የማይናገር ሰው ካለ ደንቆሮ መሆን አለበት።

ሙያውን ያስተማሩኝ አቶ ጌታሁን ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። በበቾ ቦሬ ቀበሌ አዳራሽ አብሬያቸው የገባሁ ዕለት ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ጎን አድርገው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩ። እኔ ደግሞ ሰውዬው ዓይናቸውን ያማቸዋል ብዬ አዘንኩላቸው። በኋላ ስጠይቃቸው፣ ድራማው ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን እነዚህ ሰዎች ፊት ላይ ነው አሉኝ። ሳጥኑን ማንም ያያል፤ ለእሱ ደመወዝ አይከፈልም።

አቶ ጌታሁን አዳራሽ ውስጥ አይጽፉም። ብዕር ሲወጣ ሰው አፉን ይዘጋል። ያ ዘመን ደግሞ ብዕር የሚያስፈራበት ዘመን ነው። «ከድራማው ምን ተረዳችሁ?» ብለውም አይጠይቁም። እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሽ መልስ ሳይሆን መፈክር ታገኛለሽ ይሉኝ ነበር። እሳቸው የሚጠይቁት «ያቺ ሴትዮ ነገ ጠዋት የት የምትሄድ ይመስላችኋል?» ወይም «ከሁለቱ ወንዶች ልጃችሁን የምትድሩለት ለየትኛው ነው?» ብለው ነው። ሰው እንዲያ ሲጠየቅ መጠየቁን ይረሳል። አንድ ደንብ ደግሞ ነበራቸው። የመጀመሪያው ተናጋሪ የሚናገረው ለመንግሥት ነው፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ብሎ ነው፤ ለራሱ የሚናገረው ሦስተኛው ነውና እሱን ጠብቂ ይላሉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያስራሉ፤ ይፈታሉ፤ እንደገና ያስራሉ። ሰው እውነቱን የሚያወራው እየወጣ ነዋ። እኔ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ስለነበረኝ ነጠላዬን መቶ ጊዜ እያጣፋሁ እቆም ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የአምባሯ ሴት ናት። ድራማው ላይ አንዲት ችግረኛ እናት ልጇን ለማስተማር የወርቅ አምባሯን ለነጋዴ ትሸጣለች። ነገሩ ይኸው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሚስቶች አለቀሱ፤ ጀግና ናት አሉ። የገበያ ሴቶች ግን ተያዩና ሳቁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ አንዷ፣ «እቴ፣ ነጋዴው የጠራውን ዋጋ አንድ ቃል ሳትከራከር ተቀበለች እኮ! ይህቺ ሌላ ወርቅ ደብቃለች» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ባልየው ዝም ማለቱ አላማራቸውም፤ ልጁ የእሱ አይመስለኝም አሉ። ደራሲው ይኼ ሁሉ አልታሰበውም። እሱ ያሰበው ትምህርት ጥሩ ነው ማለት ብቻ ነበር።

ታዲያ ትክክለኛው ትርጉም የቱ ነው ብዬ አቶ ጌታሁንን አስጨነቅኳቸው። ታይፒስት ስለነበርኩ አንድ ነገር ሁለት ተብሎ መጻፉ ያመኝ ነበር። እሳቸው የባርኔጣቸውን አቧራ አራገፉና፣ «ድራማውን የሠራው ሰው የሠራው ግማሹን ነው። ግማሹን እነዚህ ከየቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። ያንቺ ሥራ ከየቤቱ ምን እንደመጣ ማየት ነው» አሉኝ። ያን ዕለት አልገባኝም።

የገባኝ አጋሮ ላይ ነው፤ ለዚያውም በከባድ ውድቀት። ስለ ልጆች ክትባት የተሠራ ድራማ ነበር። ጎበዝ የጤና ሠራተኛ ገጠር ይወርዳል፤ እናቶችን ያግባባል፤ ልጆች ይድናሉ። አቶ ጌታሁን ታመው ብቻዬን ሄድኩ። ተዋናዩ እንዴት ያለ መልከ መልካም መሰላችሁ! እኔ ሞኟ ደንቡን ረስቼ እሱን ሳይ ቆየሁ። ሲያልቅ ምን ተረዳችሁ አልኩ። ክትባት ጠቃሚ ነው አሉ። ሁለተኛው ክትባት ጠቃሚ ነው አለ። ሦስተኛውን ሳልጠብቅ መኪና ላይ ወጣሁ። «መልእክቱ ሙሉ በሙሉ ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ።

የክትባት ቡድኑም ነገሩ አልቋል ብሎ ሌላ ቅስቀሳ ሳያደርግ ገበያው አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ዋለ። የሰው ያለህ! የመጡት ጥቂት የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ናቸው። በዚያው ሰሞን ኩፍኝ ገባ። የአዳራሹ ዘበኛ ልጅ፣ ድራማውን ከፊት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ያየች ሕፃን፣ አንድ ዓይኗን አጣች።

አቶ ጌታሁን ሲሻላቸው ምንም ሳይሉኝ አጋሮ ይዘውኝ ሄዱና ያንኑ ድራማ በቪዲዮ እንደገና አሳየን። በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ሕዝቡ አዙረናል። የጤና ሠራተኛው አንድ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ የቤቱ እመቤት ብርዝ ታቀርብለታለች። እሱ ስለ በሽታ እያወራ፣ በጣም ስለቸኮለ፣ ብርዙን ሳይነካው ተነስቶ ይሄዳል። እዚያች ላይ ከፊት እስከ ኋላ ያለው ሰው ትንፋሹን ሲሰበስብ በጆሮዬ ሰማሁ። በዚያ አገር ለእንግዳ የማር ብርዝ አቅርበህለት ሳይቀምስ ከወጣ፣ ያ ሰው ክፉ አስቦብሃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው መርፌ ሲያወጣ ሰዉ ምን እንዳሰበ እናንተው ገምቱት። ለድራማው ሠሪዎች ብርዙ ጠረጴዛ ማሳመሪያ ነበር።

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። አቶ ጌታሁን አላባበሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። ከዚያ በኋላ የክትባቱ ሰዎች በየቤቱ እየገቡ መጀመሪያ የቀረበላቸውን እንዲቀምሱ የነገሯቸው እሳቸው ናቸው። እናቶችም ልጆቻቸውን አመጡ። የልጅቷ ዓይን ግን አልተመለሰም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለሚታየው ነገር ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የኖርኩት፤ ልጆቼ የሚስቁብኝም በዚሁ ነው።

ከአጋሮ አለፍ ብሎ አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ አለች። የሰዎቹ ልጆች አሁንም ስላሉ ስሟን ልተወው። ቴሌቪዥን ስለማይደርሳት ቪዲዮና ጄኔሬተር በመኪና ጭነን እሁድ ከሰዓት በኋላ እየሄድን እናሳይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አቶ ጌታሁን የወሰዱኝ ዕለት ባልና ሚስት ተጣልተው የሚለያዩበት ድራማ ነበር። ሲያልቅ ልነሳ ስል ቆይ አሉኝ። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። አባ ዝናብ የሚባሉ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የሚደርስ ሽማግሌ፣ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ፊት ወጡ። ሌሎች ሽማግሌዎች ከግራና ቀኝ ተቀመጡ። ከተመልካቹ አንዱ በባልየው ቦታ ቆመ። ለሚስትየው የቆመው ደግሞ ነጠላ የተከናነበ ዝሆን የሚያህል ሥጋ ሻጭ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፍርዱ ግን የምር ነበር። ባልየው ጥፋተኛ ተባለ፤ ሣሩን ተቀበለ፤ ታረቁ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ሰዉ ወደየቤቱ ሄደ።

እነዚህ ሰዎች ድራማ መሆኑን አያውቁም እንዴ ብዬ አባ ዝናብን ቀረብ ብዬ ጠየቅኳቸው። በጣም ሳቁብኝ። ሰዎቹ ተዋናዮች እንደሆኑ፣ ደመወዝ እንደሚከፈላቸው፣ ቤታቸው ገብተው እራት እንደሚበሉ እናውቃለን አሉኝ። ጠቡ ግን አዳራሻችን ውስጥ መጥቷል፤ አዳራሻችን የመጣ ጠብ የእኛ ነው። ሳይታረቅ ጥለነው ብንሄድ ለቡናውም ለልጆቹም አይበጅም አሉ። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ጠብ ጀምረው እየላኩ ሳይጨርሱት የሚተዉት ለምን እንደሆነም ጠየቁኝ።

እኔ በደስታ ብዛት ይህንን በሰፊው እንጻፈው አልኩ። አቶ ጌታሁን መንገድ ላይ ቆም አሉና፣ «አንጽፈውም። ከጻፍነው ኮሚቴ ያቋቁሙለታል፤ ኮሚቴ ከተቋቋመለት ይሞታል» አሉኝ። በዚያ ዘመን ይህንን ቃል መናገር ቀላል አልነበረም። እኔን ማመናቸው ገባኝና ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

አቶ ጌታሁን ጡረታ ወጥተው ወደ ሰቃ ገጠር ንብ ሊያነቡ ሲሄዱ ብቻዬን ቀረሁ። አለቃም ተቀየረ። የድሮው ማኅተም ከመምታት ሌላ የማይወድ ደግ ሰው ነበር። አዲሱ ጓድ መርዕድ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ረጅም፣ ሲናገር ጣቱን የሚቆጥር ሰው ነው። ለእሱ አንድ ድራማ አንድ መልእክት አለው፤ ወይ ተላልፏል፣ ወይ አልተላለፈም። ስለ አምባሯ ሴት ባጫውተው፣ «ጓድ አስካለ፣ ሐሜት አትሰብስቢልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር ቃሌን ቆጥቤ ነበር የምናገረው።

ያኔ ነው የሁለቱ ወንድማማቾች ድራማ የመጣው። በሁለት ክፍል ነበር። ታላቅየው ለመንግሥት መሸጥ ያለበትን ቡና በቤቱ ይደብቃል። ታናሽየው የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ወንድሙን ያጋልጣል፤ ታላቅየው ይታሰራል። አንደኛው ክፍል እዚህ ላይ ያልቃል። ጓድ መርዕድ ወደ ቡና ከተሞች ራሴ ይዤው እወርዳለሁ አለ። የመጀመሪያዋ ደግሞ ያቺ ከተማ ሆነች።

ጉድ ፈላ አልኩ። ምክንያቱም ያ ድራማ እዚያች ከተማ በእውን ተደርጓል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሸምሱ፣ በክረምቱ የገዛ ታላቅ ወንድሙን ከማልን አጋልጦ አጋሮ አሳስሮታል። ሁለት ኩንታል ለማይሞላ ቡና። ከማል እስር ቤት ታሟል። ሊቀ መንበሩ ዋስ ሆኖ ከፈረመለት ይለቀቃል ተብሏል፤ ሸምሱ ግን «ለአሻጥረኛ ራራ» እንዳይባል ፈርቶ እምቢ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ወንበሩ ላይ ከእሱ በፊት የነበረው ሰው የት እንደደረሰ ያውቃል። እናታቸው አዴ ሐዋ በየሳምንቱ ስንቅ ይዘው አጋሮ ይመላለሳሉ፤ ከሸምሱ ጋር ከተነጋገሩ ቆይተዋል። ሽማግሌዎቹ ሊለምኑት እንኳ አልቻሉም። ያኔ ለአሻጥረኛ ምልጃ መቀመጥ ራሱ ያሳስራል።

በዕለቱ መኪናችን ቀድሞ ስለደረሰ አባ ዝናብን ፈልጌ አገኘኋቸው። «ማሎ፣ ለዛሬ ብቻ ሣሩን ይተዉት። ትልቅ ሰው መጥቷል። ድራማው ሲያልቅ አጨብጭባችሁ ግቡ» ብዬ ለመንኳቸው። ስለ ከማል አልጠቀስኩም፤ እሳቸውም አልጠቀሱም።

አባ ዝናብ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ለስንት የማናውቀው ባልና ሚስት ተቀምጠናል። የእኛ የሆነው ሲመጣ ተነሥተን ብንሄድ፣ እስከ ዛሬ የተቀመጥነው ለጨዋታ ነበር ማለት አይደለም?» አሉኝ።

ወደ አዳራሹ ገባሁ። ጓድ መርዕድ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሸምሱ አጠገቡ። አዴ ሐዋ ከሴቶቹ መካከል፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው፣ ተቀምጠዋል። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ድራማው ተጀመረ። እኔ እንደ ልማዴ ወንበሬን አዞርኩ። ታናሽየው ወንድሙን በጣቱ ሲያሳይ አንድም ሰው ስክሪኑን አላየም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሸምሱ ብቻ ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከት ነበር። ላብ ከጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁት።

ሲያልቅ ጓድ መርዕድ ተነሣና የድራማው መልእክት ምንድን ነው አለ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ከቤተሰብ አብዮት ይበልጣል አለ። ሁለተኛው የመጀመሪያው እንዳለው ነው አለ። ጓድ መርዕድ ደስ ብሎት ሊቀመጥ ሲል ሦስተኛው ሰው ተነሡ። አባ ዝናብ ናቸው፤ እርጥቡን ሣር ይዘዋል።

በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ ለጓድ መርዕድ ጆሮው ሥር ሆኜ እኔ ተረጎምኩ። «ቡና የደበቀው አጥፍቷል። ያጋለጠውም ሥራው ነው፤ አንፈርድበትም። ነገር ግን ድራማው አንድ ሰው ጎድሎታል። የእነዚህ ልጆች እናት የታለች? ወንድማማቾች ከሆኑ የወለደቻቸው ሴት አለች። እሷ ሳትጠየቅ እንዴት ያልቃል? በአገራችን ደንብ እኛ ብንጨርሰው ይፈቀድልናል ወይ?»

ጓድ መርዕድ ግራ ገባው። ሕዝቡ ድራማ ሊሠራ ነው ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ እንዲያ ነው አልኩት። ውሸት አልነበረም። ጣቱን እየቆጠረ ትንሽ አሰበና፣ የሕዝብ ተሳትፎ ጥሩ ነው፣ ይሥሩ አለ።

አባ ዝናብ ለሊቀ መንበር የሚቆመው ሊቀ መንበር ነው ብለው ሸምሱን ጠሩት። በአለቃው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም፤ ወጣ። ለታሰረው ማን ይቆማል ሲባል ከወንዶቹ አንድም የተነሣ የለም፤ ባዶ ወንበር አስቀመጡለት። ለእናትየው ማን ይቆማል ሲባል ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው አዴ ሐዋ ተነሡ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ሥጋ ሻጩ እንኳ ያን ቀን አልሳቀም።

አዴ ሐዋ ሣሩን ከአባ ዝናብ ተቀብለው ልጃቸው ፊት ቆሙ። እርጥብ ሣር የቀረበለት ሰው ከተቀበለ ታርቋል፤ ካልተቀበለ ከአገር ጋር ተጣልቷል። በዝግታ ተናገሩ።

«እኔ ድራማ መሥራት አላውቅም። እዚያ ውስጥ እናት ረስተዋል። አልቀየማቸውም፤ አያውቁኝም። አንተ ግን ታውቀኝ ነበር። ወንድምህ አጠፋ፤ እሺ። እኔስ ምን አጠፋሁ? ስንቅ ይዤ በደጃፍህ ሳልፍ መስኮትህን ትዘጋለህ። ልጄ፣ ሁለት ነው የወለድኩት፤ አንዱ ታሰረ፣ አንዱ ሸሸኝ። ለማን ልናገር?»

የመጀመሪያዎቹን ቃላት ተርጉሜ ነበር። ከዚያ ትርጉሙን ተውኩት። ጓድ መርዕድ ምን አሉ ብሎ አልጠየቀኝም።

ሸምሱ እጁን ለመዘርጋት ዘገየ። ከዚያ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ሣሩን ተቀበለና የእናቱ እግር ላይ ወደቀ። ሁላችንም አንድ ሰው ብቻ ነው የምናየው፤ ከፊት የተቀመጠውን። «ይኼ ምንድን ነው?» ካለ ሸምሱም፣ አባ ዝናብም፣ እኔም አለቀልን።

ጓድ መርዕድ ተነሣና አጨበጨበ። «በጣም ጥሩ ትወና ነው» አለ ጮክ ብሎ። ሕዝቡ ተከትሎ አጨበጨበ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነውና ያስተጋባል። አባ ዝናብ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን ተባለ። እኔ የመጨረሻ ሆኜ ነው የወጣሁት።

ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር። ጓድ መርዕድ ከመስኮቱ ፊቱን ሳይመልስ፣ «እውነተኛ እናቱ ናቸው፣ አይደለም?» አለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን እያወቅኩ፣ አዎ ጓድ አልኩት።

«የታሰረው ታላቅየው ነው?»

እሱንም አዎ አልኩ። በልቤ አለቀልኝ እያልኩ ለልጆቼ ማን እንደሚደርስላቸው አስብ ነበር። ጅማ መግቢያ ላይ ስንደርስ፣ «ሪፖርቱን ስትጽፊ ሕዝቡ ድራማውን በሚገባ ተረድቶታል ብለሽ ጻፊ። ይኼ ውሸት ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩ። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ሁሉ እውነተኛው ሪፖርት እሱ ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩም አለቀስኩም፤ ባለቤቴ ያመመኝ መስሎት ነበር። ጓድ መርዕድን ከዚያ ወዲህ በሐሜት አልነካሁትም። ያን ጭብጨባ ያጨበጨበው አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ተዛወረበት ቀን አልጠየቅኩትም፤ መልሱን መኪናው ውስጥ ሰምቼዋለሁ ብዬ ነው የማምነው።

ሸምሱ በሳምንቱ አጋሮ ሄዶ ለወንድሙ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ለአሻጥረኛ ራራ ያለው የለም። የበላይ አካል ባጨበጨበበት ነገር ማን አፉን ይከፍታል።

ሁለተኛውን ክፍል ይዘን ስንመለስ ከማል ከስቶ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ሸምሱ በወዲያኛው ጎናቸው ነው። አላህ ይመስገን ብለው አዴ ሐዋ ሁለት እጄን ሳሙኝ፤ እኔ ምንም አላደረግኩም ብላቸው አልሰሙኝም። ድራማው ተጀመረ። ታላቅየው አሁንም እስር ቤት ነው። ጸጉሩ አድጓል፤ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ፣ ወንድሜ ስላረምከኝ አመሰግንሃለሁ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ ሙዚቃ መጥቶ አለቀ።

አባ ዝናብ ሣራቸውን ይዘው ተነሡና ለዚህኛው ምን እንበል ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። ማንም ሳይመልስ አዴ ሐዋ ከተቀመጡበት፣ «ያንንም ልጅ አስፈቱት እንጂ! እናት ከሌለው እኔ እቆምለታለሁ» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ፊት መውጣት ጀመሩ።